የውሃ ቢል እንዴት ይሰላል? ዋጋውንስ ማን ይወስናል?

አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ የውሃ ቢል ሳይመጣልን ቀረ። ቆጣሪ አንባቢው በመጣባቸው ቀናት ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ወር ግን ሦስቱንም ወር ጠቅልሎ የያዘ አንድ ቢል መጣ። በየወሩ ወደ 15 ሜትር ኪዩብ ነው የምንጠቀመው። ስለዚህ ቢሉ ላይ 45 ሜትር ኪዩብ ተጽፎ ማየቴ አልገረመኝም። የገረመኝ ገንዘቡ ነው። የወር ሂሳባችንን በሦስት ሳባዛው ቢሉ ላይ ካለው በእጅጉ ያንሳል።

ለመጠየቅ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ "ወንድሜ፣ ቆጣሪው የሚለው ይሄንኑ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቆጣሪው አልተሳሳተም። ችግሩ ያለው ስሌቱ ላይ ነበር። ያን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ እኔ ራሴ የውሃ ዋጋ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነበረብኝ። ያኔ የገባኝን ነው እዚህ የማካፍላችሁ። በየወሩ የምንከፍለው ነገር ሆኖ ሳለ አብዛኞቻችን ታች ያለውን ድምር ብቻ አይተን ነው የምናጥፈው። (ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የምንከፍለው ለውሃው አይደለም

ከወንዝም ሆነ ከጉድጓድ የሚወጣው ጥሬ ውሃ ራሱ ከጠቅላላ ወጪው ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው። ገንዘብ የሚበላው እሱን ማጣራት፣ መግፋትና ቤት ድረስ ማድረስ ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 50 ጀሪካን ይሞላል። ክብደቱ አንድ ቶን ነው። ይህን አንድ ቶን 100 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ ለማውጣት፣ ፓምፑ ላይ የሚባክነው ኃይል ሲታከልበት፣ ወደ 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ክሎሪኑ፣ ማጣሪያው፣ የላቦራቶሪ ምርመራው ገና አልተቆጠረም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሬት ውስጥ የተቀበረው ነው። ዋና ቧንቧ አንዴ ከተቀበረ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ የተቀበረበትን ብድር ለመክፈልም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ቧንቧው ደግሞ እኛ ውሃ ተጠቀምንም አልተጠቀምን ወጪው ያው ነው። ቤታችንን ቆልፈን ለሁለት ወር ብንሄድ እንኳ ፓምፑም፣ ሠራተኛውም፣ ጥገናውም አይቆምም።

ቢል ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ክፍያ የምናየው ለዚህ ነው። አንዱ ቋሚ ክፍያ ነው። የቆጣሪ ኪራይ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ይባላል። ሌላው በተጠቀምነው ልክ የሚሰላው ነው። ሁሉም በፍጆታ ብቻ ቢሰላ ደስ ይለናል። ለውሃ ድርጅቱ ግን አደጋ አለው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኬፕታውን የሆነችውን እንይ። በ2018 መጀመሪያ ከተማዋ በድርቅ ምክንያት ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ነው በሚባልበት ደረጃ ላይ ነበረች። ሕዝቡ ተረባረበ፤ የከተማዋ ፍጆታ ከድርቁ በፊት ከነበረው ወደ ግማሽ ወረደ። ገቢውም አብሮ ወረደ፣ ወጪው ግን ባለበት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከተማው በቧንቧው ውፍረት ልክ የሚሰላ ቋሚ ክፍያ አመጣ። ብዙ ሰው ቆጥቦ ዋጋ እንደተጨመረበት ተሰማው። ቅሬታው ይገባኛል። ስሌቱም ይገባኛል። ቋሚ ክፍያው ከፍ ሲል ለድርጅቱ እፎይታ ነው፤ ጥቂት ውሃ የምትጠቀመው አሮጊት ግን ሸክሙ ይበዛባታል። ቋሚው ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄ ሸክሙን ማን ይሸከም ከሚለው አይለይም።

እርከኑ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

በብዙ አገር የፍጆታው ዋጋ አንድ ወጥ አይደለም። በእርከን የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን ርካሽ ነው፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና የግድ የሚያስፈልገው ውሃ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ከዚያ በላይ ያለው እየተወደደ ይሄዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድሃው በርካሽ ያግኝ፣ አትክልት የሚያጠጣው ደግሞ ይክፈል።

የመንደራችንን ታሪፍ ትቼ ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮች ልውሰድ። በወር እስከ 5 ሜትር ኪዩብ ያለው እያንዳንዱ በ5 ብር፣ ከ5 እስከ 20 ያለው በ10፣ ከ20 በላይ ያለው በ20 ይሸጣል እንበል። በወር 15 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ቤት ለመጀመሪያዎቹ አምስት 25፣ ለቀሪዎቹ አሥር 100 ይከፍላል። ድምሩ 125 ነው። በሦስት ወር 375 ይሆናል።

አሁን ያ ሦስት ወር ተጠራቅሞ እንደ አንድ ወር ይሰላ። 45 ሜትር ኪዩብ ነው። የመጀመሪያው እርከን 25፣ ሁለተኛው 150፣ ከ20 በላይ ያለው 25 ሜትር ኪዩብ ደግሞ በ20 ተባዝቶ 500። ድምሩ 675! ውሃው ያው ነው፣ ቆጣሪውም ትክክል ነው፤ ልዩነቱ 300 ነው። የእኛ ቤት ጉድ ይሄ ነበር። ርካሾቹን እርከኖች ሦስት ጊዜ ማግኘት ሲገባን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘነው። ንባብ ሲዘገይ ሂሳቡ በየወሩ ተከፋፍሎ ነው መሰላት ያለበት። ብዙ ድርጅት መመሪያው ውስጥ ይህ አለው፤ ካልጠየቁት ግን የሚያስታውስ ላይኖር ይችላል።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። አንዳንድ ቦታ እርከኑ የሚሠራው በተለየ መንገድ ነው፤ ጠቅላላው ውሃ የሚሰላው ፍጆታችሁ በደረሰበት የመጨረሻ እርከን ዋጋ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 20 ሜትር ኪዩብ የተጠቀመ 200 ከፍሎ፣ 21 የተጠቀመው ጎረቤቱ 420 ይከፍላል ማለት ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ ቢሉን ከእጥፍ በላይ አደረገው። ታሪፉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን የጋራ ቆጣሪ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ፤ ቆጣሪው አንድ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 8 ሜትር ኪዩብ ይጠቀማል። ይህ ትንሽ ነው። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዳቸው 55 ይከፍሉ ነበር። ድምሩ 32 ሜትር ኪዩብ ሲሆን ግን ቆጣሪው የሚያውቀው አንድ ውሃ አባካኝ ቤት ነው። ሂሳቡ 415 ይመጣል። ለአራት ሲካፈል ወደ 104። ለድሃ ታስቦ የተሠራው ርካሽ እርከን ድሃው ላይ ሲደርስ ዋጋውን ወደ እጥፍ አስጠጋው። ትልቅ ቪላ ውስጥ ለብቻው የሚኖር ሰው ደግሞ ርካሹን እርከን ሙሉ በሙሉ ያገኘዋል። ቧንቧ ጭራሽ ያልገባለት ሰውማ ከነጭራሹ ስሌቱ ውስጥ የለም። እሱ ከቦቴ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን ነው የሚገዛው፤ በሊትር ሲሰላ ከሁሉ የበለጠ የሚከፍለው እሱ ነው። "ታሪፉ ለድሃው ሲባል ዝቅ ብሏል" ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ድሃው ቆጣሪ አለው ወይ ብዬ ነው።

ይህን ለማስተካከል የተለያየ ነገር ተሞክሯል። ደቡብ አፍሪካ ከ2001 ጀምሮ ለአንድ ቤት በወር 6 ሜትር ኪዩብ ነፃ እንዲሆን ወሰነች። ስሌቱ 8 ሰው ላለበት ቤት ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። የቤቱ ሰው ከዚያ ከበዛ ግን ድርሻው ያንሳል። የቤልጂየሟ ፍላንደርስ ደግሞ በሰው ቆጠረች። ከ1997 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በዓመት 15 ሜትር ኪዩብ ነፃ ትሰጥ ነበር፤ በ2016 አስቀረችው። በሰው መቁጠር ፍትሐዊ ነው፣ የነዋሪ መዝገቡ የታመነ ከሆነ። ቺሊ ከእርከን ይልቅ ቤተሰቡን ለይታ ትደጉማለች። ለተመረጡ ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኪዩቦች ሂሳብ ከፊሉን መንግሥት ይከፍላል፤ ቀሪውን ቤተሰቡ። ለእኔ ይሄኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ ድጎማው የሚከተለው ቆጣሪውን ሳይሆን ሰውን ነው።

የፍሳሽ መስመር

ቢሉ ላይ "ፍሳሽ" የሚል መስመር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው አይለካም። የገባው ውሃ ተመልሶ ይወጣል ተብሎ በውሃው ፍጆታ መቶኛ ይሰላል። ሽንት ቤታችሁ ከፍሳሽ መስመር ጋር ካልተገናኘ ይህን ክፍያ ለምን እንደምትከፍሉ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ንግድ ቤት ለምን ይለያል?

ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ የመኪና እጥበት ብዙ ጊዜ የሚከፍሉት በሌላ ታሪፍ ነው። በብዙ ከተማ ርካሹ እርከን አይሰጣቸውም፤ ከመጀመሪያዋ ሊትር ጀምሮ በውዱ ዋጋ ነው። አንዱ ምክንያት ድጎማ ነው፤ ከንግዱ የሚሰበሰበው ትርፍ የቤቱን ጉድለት ይሸፍናል። ልኩን ካለፈ ግን ይገለበጣል። ትልቁ ፋብሪካ ይመረውና የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ያኔ ድርጅቱ ከፋዩን ያጣል፤ ጉድለቱ ተመልሶ የሚያርፈው ቤት ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት ቧንቧው ነው። የተለመደው የቤት መስመር 15 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የፋብሪካው 50 ቢሆን፣ የቧንቧው አፍ ስፋት ከ11 እጥፍ በላይ ነው። ድርጅቱ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ሰዓት ቢጠየቅ እንኳ ዝግጁ መሆን አለበት። ስለዚህ ቋሚ ክፍያው በቆጣሪው መጠን ይጨምራል። ፍሳሹም ይለያል። የቆዳ ፋብሪካ የሚለቀው ከቤት እንደሚወጣው አይደለም። በእንግሊዝ ሞግደን የሚባል ቀመር አለ፤ ስሙን ያገኘው ለንደን ካለ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ፋብሪካው በለቀቀው መጠን ብቻ ሳይሆን ፍሳሹ ምን ያህል የቆሸሸ እንደሆነ ተመርምሮ ያስከፍላል። ግቢው ውስጥ ቀድሞ ያጣራ ፋብሪካ ትንሽ ይከፍላል።

እንግሊዝ አንድ እርምጃ ሄዳለች። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ንግድ ቤቶች ቢል የሚልክላቸውንና ቆጣሪ የሚያነብላቸውን ድርጅት መምረጥ ይችላሉ። ስኮትላንድ ይህን በ2008 ጀምራዋለች። ቧንቧውና ውሃው ግን ያው የአካባቢው ድርጅት ነው፤ የተለወጠው የወረቀት ሥራው ብቻ ነው። ቤቶች ይህ ምርጫ የላቸውም። አየርላንድ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ነው ያለችው። በ2014 ለቤቶች የውሃ ክፍያ ልትጀምር ስትል ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ በ2016 ክፍያው ቆመ። ዛሬም ንግዱ በቆጣሪ ይከፍላል፣ የቤቱን የሚሸፍነው ግብር ነው። ስለዚህ ነፃ ውሃ የለም፤ ከኪስ ካልወጣ ከግብር ይወጣል።

ዋጋውን ማን ይቆርጣል?

ስልክ ቢወደድብን ሌላ ኩባንያ እንሄዳለን። ውሃ ግን መንገዱ ስር አንድ ቧንቧ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛ መቅበር ከንቱ ብክነት ነው። ሞኖፖል፣ ማለትም ተፎካካሪ የሌለው ብቸኛ ሻጭ፣ መሆኑ አይቀርም። ሞኖፖል ደግሞ ልጓም ይፈልጋል።

ልጓሙ በየአገሩ ይለያያል። ብዙ ቦታ ድርጅቱ የከተማው ነው፤ ዋጋውን የሚያጸድቀውም ምክር ቤቱ ነው። በአሜሪካ የግል ኩባንያዎችን ዋጋ የየግዛቱ ኮሚሽን ይወስናል። ኬንያና ዛምቢያ የውሃ ዘርፉን ብቻ የሚቆጣጠሩ መሥሪያ ቤቶች አሏቸው። ዋጋ ያጸድቃሉ፣ በየዓመቱም ድርጅቶችን እያወዳደሩ ውጤታቸውን ለሕዝብ ያወጣሉ። ይህ የኋለኛው ቀላል ይመስላል፤ ግን ጉልበት አለው። የአንዱ ከተማ ሥራ አስኪያጅ ከጎረቤት ከተማ በታች መሆኑን ሁሉም እያየው ዝም ማለት ይቸግረዋል።

ተቆጣጣሪው ዋጋ ሲያወጣ መሠረታዊ ስሌቱ ይህን ይመስላል። የዓመቱን የሥራ ወጪ ይይዛል፤ ደመወዝ፣ ኤሌክትሪክ፣ ኬሚካል፣ ጥገና። የቧንቧና የማጣሪያውን እርጅና፣ ማለትም በአገልግሎት ብዛት በየዓመቱ ከዋጋቸው የሚቀንሰውን፣ ይጨምርበታል። በላዩ ላይ ለብድሩ ወለድና ለገባው ካፒታል ተገቢ የሚባል ትርፍ ያክላል። ድምሩ ድርጅቱ እንዲሰበስብ የተፈቀደለት ገቢ ነው። ይህ በሚሸጠው ውሃ ሲካፈል አማካይ ዋጋው ይወጣል።

ክርክሩ ሁሉ ያለው "ተገቢ" የሚለው ቃል ላይ ነው። አቨርች እና ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች በ1962 አንድ ነገር አሳዩ። ትርፍ የሚሰላው በገባው ካፒታል ልክ ከሆነ ኩባንያው ከሚያስፈልገው በላይ መገንባት ያዋጣዋል። እንግሊዝና ዌልስ በ1989 ውሃውን ለግል ኩባንያዎች ሲሸጡ ሌላ መንገድ መረጡ። ኦፍዋት የሚባለው ተቆጣጣሪ የዋጋውን ጣሪያ ለዓመታት አስቀድሞ ይቆርጣል፤ አሁን የሚያየው በየአምስት ዓመቱ ነው። ኩባንያው በዚያ ውስጥ ወጪውን ከቀነሰ ትርፉ የራሱ ነው። ቅልጥፍና መጣ፤ አብሮት ግን የዕዳ ክምር፣ የፍሳሽ ብክለትና የሕዝብ ቁጣ መጣ። በሐምሌ 2025 አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን ኦፍዋት እንዲቀር መከረ፤ መንግሥትም እንደሚያፈርሰው አስታወቀ። የግል ነው ማለት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የመንግሥት ነው ማለትም እንዲሁ፤ ምርጫ በደረሰ ቁጥር ጭማሪው ይተላለፋል፣ ጥገናው ይዘገያል፣ ቧንቧው ይፈነዳል።

ጭማሪ ሲጠየቅ እኔ ብጠየቅ የማነሳው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የሚፈሰውንስ ውሃ ማን ይከፍላል? 100 ሜትር ኪዩብ ተጣርቶ 60ው ብቻ ቢል ቢቆረጥለት፣ የ100ው ወጪ በ60ው ላይ ነው የሚጫነው። በእውነቱ 1 የነበረው ዋጋ 1.67 ይሆናል። ካምቦዲያ ውስጥ የፕኖም ፔን ውሃ ድርጅት በ1993 ከሚያመርተው 72 በመቶውን ያጣ ነበር። ኤክ ሶን ቻን የሚባሉ መሐንዲስ ኃላፊ ሆኑ። ለሁሉም ቆጣሪ አስገቡ፤ ከፋይ ያልነበሩትን ባለሥልጣናትም አስከፈሉ። ቀዳዳ ፈልጎ የሚደፍን ቡድን ሌሊት ከቀን አሠሩ። ከ15 ዓመት በኋላ ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ጥሩ ተቆጣጣሪ ይህን ያህል ብክነት ድረስ በታሪፍ እቀበላለሁ፣ ከዚያ በላይ ያለው ከራስህ ኪስ ይሁን ብሎ ድንበር ያበጃል።

ዋጋን ከአገልግሎቱ በፊት ማስቀደምም አደጋ አለው። ቦሊቪያ ውስጥ ኮቻባምባ ከተማ ውሃውን የያዘው የውጭ ኩባንያ ገና ሥራ ሲጀምር ዋጋ ጨመረ። በ2000 ሕዝቡ ከተማዋን ዘጋ፤ ውሉም ተሰረዘ።

መክፈል ያቃተው ሰው ጉዳይም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ንጹሕ ውሃና ሳኒቴሽን (የመጸዳጃና የፍሳሽ አገልግሎት) ሰብዓዊ መብት መሆናቸውን አውቋል። ይህ ውሃ በነፃ ይሁን ማለት አይደለም፤ ከአቅም በላይ አይሁን ማለት ነው። እንግሊዝ ከ1999 ጀምሮ፣ ፈረንሳይ ከ2013 ጀምሮ በውዝፍ ዕዳ ምክንያት የሰው መኖሪያ ቤት ውሃ መቁረጥን ከልክለዋል። ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ በሌላ መንገድ ይጠየቃል። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሕፃናት ያሉበትን ቤት ያለ ውሃ ማስቀረት ዕዳ ማስመለሻ መሆን የለበትም።

ቆጣሪው ጋ ጎንበስ በሉ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። የተለመደው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ከሜትር ኪዩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። ቢል የሚሠራው ከጥቁሮቹ ነው። መሐል ላይ ደግሞ ትንሽ የምትሽከረከር ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን አለች። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እሷ ከዞረች የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቁጥሩን እስከ ቀዮቹ ድረስ ጻፉ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ደግማችሁ እዩ።

ተጠርጣሪው ብዙ ጊዜ የሽንት ቤቱ ገንዳ ነው። ታንኩ ውስጥ ቀለም ጨምሩና ሃያ ደቂቃ ያህል ሳታወርዱ ቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማው አርጅቷል። በ10 ደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ታንክ በቀን 144 ሊትር፣ በወር ከ4 ሜትር ኪዩብ በላይ ይጨርሳል። ቀደም ባለው ምሳሌ ቤቱ ሦስተኛው እርከን ላይ ከደረሰ ይህ ብቻውን በወር 86 ነው፤ 8 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀመው ቤተሰብ ለወሩ በሙሉ ከሚከፍለው 55 ይበልጣል።

የእኛን ቢል በተመለከተ፣ የድሮ ደረሰኞችን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ሂሳቡ በሦስት ወር ተከፋፍሎ እንዲሰላ በጽሑፍ አመለከትኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተስተካክሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ቆጣሪውን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። አንባቢው መጥቶ በሩ ዝግ ከሆነበት ደግሞ ቁጥሩን የሚያገኘው በሩ ላይ ከለጠፍኩት ወረቀት ነው።